ልጄ መኪናውን አይነዳም፤ ጎማውን ብቻ ያሽከረክራል

የማለዳ ጤዛ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን መድረክ ለወራት በዝምታ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ግን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጽፍ ተነሣሁ።

ልጄ ወንድ ነው፤ 22 ወር ሞልቶታል። በ13 ወሩ ተራመደ፣ ይበላል፣ ይተኛል። የሚያስጨንቀኝ ጨዋታው ነው። አንዲት ቀይ መኪና አለችው። ሌላ ልጅ መኪና ሲያገኝ በአፉ ድምፅ እያወጣ ወለሉ ላይ ይነዳታል። የእኔ ልጅ ገልብጦ ይይዛትና ጎማዋን በጣቱ ያሽከረክራል። ከዚያ ጉንጩን ከወለሉ ጋር አጣብቆ ጎማው እስኪቆም ድረስ ያያል። ሲቆም እንደገና ይጀምራል። ትናንት ሰዓት ይዤ ነበር፤ 40 ደቂቃ ቆየ። አጠገቡ ተቀምጬ ሌላ መኪና ነዳሁለት፣ ስሙን ደጋግሜ ጠራሁት። ቀና አላለም።

የሆነ ነገር ሲፈልግ በጣቱ አያመለክትም። የእጄን አንጓ ይዞ ይጎትተኝና እጄን መደርደሪያው ላይ ያሳርፈዋል። ፊቴን አያይም። እጄ ከእኔ ተለይቶ የቆመ አንድ መሣሪያ የሆነ ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ እኛ ቤት ነበረች፤ ከእርሱ በአንድ ወር ታንሳለች። ባዶ ኩባያ አንሥታ አሻንጉሊቷን ውሃ አጠጣች፣ አፏን በመዳፏ ጠረገችላት፣ ከዚያም ቀና ብላ እናቷን አየች፤ «አየሽልኝ?» እንደማለት። እንቅልፍ የነሣችኝ ያቺ ቀና ማለት ናት። ከልጄ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ቃል ሦስት ብቻ ነበረው፤ አንደኛውን ደግሞ ካለፈው ወር ወዲህ አልሰማሁትም። ቤተሰቡ «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገረው፤ አባቱም እንዲሁ ነበር» ይላል። ያየው ሐኪምም ሦስት ዓመት እስኪሞላው ጠብቂ ብሎ ሸኘኝ። ለመሆኑ ከጨዋታ ተነሥቶ ችግር መጠርጠር ይቻላል? ወይስ እኔ ነኝ ነገር የማበዛው?

አያት ነኝ

አይዞሽ ልጄ። አምስት ወልጄ አሳድጌያለሁ፤ አንዱ እንደ ሌላው ሆኖ አያውቅም። ሁለተኛው ልጄ ጠጠር ሲደረድር ይውል ነበር፤ ዛሬ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው። የእህትሽን ልጅ ከልጅሽ አታስተያዪ። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በሁለት ዓመቱ «ችግር አለበት» ተብሎ ስም የወጣለት ልጅ ያ ስም ዕድሜውን ሁሉ ይከተለዋል። ሰው ሁሉ ልጁን ትቶ ስሙን ያያል። እናት ስትጨነቅ ደግሞ ልጅም ይጨነቃል።

የሁለት ልጆች አባት

እናታችን ስለ መደርደሩ የተናገሩት እውነት ነው። በእኛ ቤት ግን ነገሩ ተገላብጦ መጣ።

ትልቋ ልጄ ሁለተኛ ዓመቷን በሙሉ ብሎኮችን በቀለም ስትደረድር ነው ያሳለፈችው። ሰማያዊው ከሰማያዊ፣ ቢጫው ከቢጫ። እኔ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብሁ እታመም ነበር። ነገር ግን ደርድራ ስትጨርስ ሱሪዬን ይዛ ጎትታ ታመጣኝና «ባቡር!» ትለኛለች። እኔ አንዱን ብሎክ ባነሣ ትስቅና ሌላ ትተካለች። ምንም ችግር አልነበረባትም።

ታናሽየው ምንም አልደረደረም። ባስቀመጥንበት ቦታ ረጋ ብሎ ይቀመጣል። አሻንጉሊት ብንሰጠው ይይዛል፤ ብንወስድበት አያለቅስም። እንግዳ ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ይለን ነበር፤ እኛም እንኮራ ነበር። ችግር ያለበት እርሱ መሆኑን ያወቅነው ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ያ ምስጋና ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። የሚረብሽ ልጅ ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል፤ ዝም ያለ ልጅ ግን ይመሰገናል።

የቃል ድልድይ

የንግግርና የቋንቋ ቴራፒስት ነኝ፤ ሥራዬ ወለል ላይ ተቀምጦ ከልጆች ጋር መጫወት ነው። እህቴ የማለዳ ጤዛ፣ ነገር አላበዛሽም። በጨዋታ መጠርጠር ይቻላል። በጨዋታ ብቻ መደምደም ግን አይቻልም፤ እዚህ ያለነው ማናችንም ሳናየው ልጅሽ ይህ አለበት፣ ይህ የለበትም ልንልሽ አንችልም።

ልጁ በምን እንደሚጫወት ብዙም አይነግረኝም። መደርደሪያ ሙሉ አሻንጉሊት ያለውም የጠርሙስ ክዳን ብቻ ያለውም እኩል መጫወት ይችላሉ። እኔ የማየው ዕቃው በልጁ እጅ ምን እንደሚሆንና ልጁ ጨዋታው ውስጥ ማንን እንደሚያስገባ ነው።

በ9 ወር አካባቢ ሕፃን ሁለት ነገሮችን ያጋጫል፤ የወደቀበትን ዕቃ አጎንብሶ ይፈልጋል። ዓመት ሲሞላው ዕቃ ውስጥ ዕቃ ይከታል። በ18 ወሩ መኪና ይገፋል፤ እናቱ ስትጠርግ መጥረጊያ ይዞ ይከተላታል። ሁለት ዓመት ተኩል ላይ ደግሞ ብሎክ አንሥቶ ለአሻንጉሊት ያጎርሳል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ይደንቀኛል። ብሎክ ምግብ አይደለም። ልጁ ግን አንድ ነገር የሌላውን ቦታ ይዞ ሊቆም እንደሚችል ገብቶታል። ቃልም እኮ እንደዚያው ነው፤ «ውሃ» የሚለው ድምፅ ራሱ አይጠጣም። የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ጨዋታ ባስተማረው ትምህርት ዱላውን ፈረስ አድርጎ የሚጋልበውን ልጅ ያነሣው ለዚህ ነበር፤ ልጁ ትርጉምን ከዕቃው ነጥሎ ማየት የሚለማመደው በጨዋታ ነው።

ስለዚህ ሁለት ዓመት ሞልቷቸው ቃል የሌላቸው ሁለት ልጆች ሲመጡልኝ አንድ ዓይነት አይሆኑብኝም። አንደኛው ብሎክ አንሥቶ ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ያጉተመትማል፣ ከዚያ «ለአንቺ ነው» በሚል ዓይነት ለእኔ ያቀብለኛል፤ እስክመልስለትም ይጠብቃል። ይህ ልጅ ቃል የለውም እንጂ የሚናገረው ነገር አለው። ሁለተኛው ብሎኩን ይልሳል፣ ይጥላል፣ ያነሣል፤ እኔ ክፍሉ ውስጥ ብኖርም ባልኖርም ለውጥ የለውም። ለሁለቱ የማስበው ሥራ ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ያቺን «ቀና ማለት» በትክክል አይተሻታል። ባለሙያዎች የጋራ ትኩረት ይሏታል፦ ልጁ፣ ዕቃውና ሌላው ሰው የሚገናኙባት ቅጽበት። የእንግሊዙ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሳይመን ባሮን-ኮኸንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት ኦቲዝምን (ልጅ ከሰው ጋር የሚገናኝበትንና የሚግባባበትን መንገድ የሚለውጥ የአእምሮ ዕድገት ሁኔታ ነው) በ18 ወር ለመጠርጠር ሲሞክሩ ከተመለከቷቸው ዋና ዋና ነገሮች መካከል የማስመሰል ጨዋታ፣ ለማሳየት ሲባል በጣት ማመልከትና የሌላውን ሰው እይታ መከተል ይገኙበታል። ልጅ ለመጠየቅ ሊያመለክት ይችላል፤ «እዪው፣ ወፍ!» ለማለት ብቻ ሲያመለክት ግን የሚፈልገው አንቺን ነው።

ማሽከርከሩን በተመለከተ፣ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የነበረው ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝም ያለባቸውን 11 ልጆች ሲገልጽ ዕቃ በማሽከርከር የሚደሰቱ እንደነበሩባቸው ጽፏል። ነገር ግን ጎማ ያላሽከረከረ ሕፃን የለም። እኔ የምጠይቀው ከዚያ መውጣት ይችላል ወይ ብዬ ነው። አዲስ ነገር ይጨምርበታል? ሌላ ሰው ሲገባበት ይታገሣል? ከሦስት ወር በፊት የነበረው ጨዋታና የዛሬው ይለያያሉ?

ነገ አንድ ነገር ሞክሪ። ሌላ መኪና አትንጂለት። እንደ እርሱ ጉንጭሽን ወለሉ ላይ አድርጊና የራስሽን ጎማ አሽከርክሪ። ዝም ብለሽ፣ ሳታስተምሪ። ከዚያ ድንገት አቁሚና ጠብቂ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ፊኛ ነፍተሽ ሳታስሪ ልቀቂው፤ እየተንፏፏ ሲበር ይደሰት ይሆናል። ሁለተኛውን ነፍተሽ ያዢውና በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ። ፊኛውን ነው የሚያየው፣ እጅሽን ነው ወይስ ዓይንሽን? ስልክ አስቀምጠሽ ቅረጪው። ሁለት ሦስት አጭር ቪዲዮ አንድ ሰዓት ሙሉ ከምትነግሪኝ በላይ ይነግረኛል።

ነጭ ጋውን

የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ቴራፒስቷ የጻፈችውን ሁሉ እደግፋለሁ። እኔ ግን ከጽሑፍሽ አንዲት ሐረግ ላይ ቆሜ ቀረሁ፦ «አንደኛውን ደግሞ ካለፈው ወር ወዲህ አልሰማሁትም»። ስለ ጎማው በሰፊው ጽፈሽ ይህን በግማሽ መስመር አለፍሽው። የዘገየ ቃልና የጠፋ ቃል አንድ አይደሉም። የነበረውን ቃል፣ የነበረውን ጨዋታ ወይም የእጁን ቅልጥፍና ያጣ ልጅ በየትኛውም ዕድሜ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። ለምሳሌ ሬት ሲንድሮም የሚባለው፣ በአብዛኛው ሴት ልጆችን የሚይዝ ሕመም አለ፤ ደህና ስትጫወት የነበረች ልጅ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ዓመቷ ባለው ጊዜ ዕቃ መያዝ ትተዋለች፣ እጆቿንም ልብስ እንደሚያጥብ ሰው ታፋትጋለች። ልጅሽ ይህ አለበት ማለቴ አይደለም። ማጣት ከመዘግየት ተለይቶ የሚታይበትን ምክንያት ለማሳየት ያህል ነው።

«ሦስት ዓመት እስኪሞላው ጠብቂ» የሚለውን ምክር እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ላይ ሰጥቻለሁ፤ አሁን አልሰጥም። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2022 የዕድገት ዝርዝሩን ሲያሻሽል በየዕድሜው ቢያንስ 75 ከመቶ የሚሆኑ ሕፃናት ይደርሱባቸዋል የሚባሉትን ክህሎቶች ነው ያስቀመጠው። ቀድሞ ብዙዎቹ ግማሽ ያህሉ የሚደርሱባቸው ስለነበሩ ሐኪሙም ወላጁም «ገና ነው» ለማለት ሰፊ በር ነበራቸው። አሁን ያ በር ጠብቧል።

ከሁሉ በፊት ጆሮውን አስመርምሪ። ስሙ ሲጠራ ቀና ያላለ ልጅ መጀመሪያ መስማቱ ይረጋገጣል። ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ የተጠራቀመበት ልጅ አንዳንድ ቀን ይሰማል፣ አንዳንድ ቀን አይሰማም፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ጭብጨባ በመሞከር አይታወቅም። ከዚያ ደግሞ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ፣ የኦቲዝም ጥርጣሬ መኖሩን የሚያይ፣ 20 ጥያቄዎች ያሉት ኤም-ቻት የሚባል መጠይቅ አለ፤ እንዲሞሉልሽ ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ጥናት በመጠይቁና በተከታዩ ቃለ ምልልስ ከተለዩት ልጆች መካከል ኦቲዝም የተገኘባቸው ግማሽ ያህሉ ነበሩ፤ 95 ከመቶ ያህሉ ግን አንድ ዓይነት የዕድገት መዘግየት ወይም አሳሳቢ ነገር ነበረባቸው። ለእናታችንም የምመልሰው ይህንን ነው፤ መጠይቁ ለልጁ ስም አያወጣም፤ ማን በደንብ መታየት እንዳለበት ይጠቁማል።

ለሌሎች አንባቢዎች ሁለት ነገር ልጨምር። ዓመት ሳይሞላው ሁልጊዜ በአንድ እጁ ብቻ የሚጫወት፣ ሌላውን እጁን ጨብጦ የሚያስቀር ሕፃን «ግራኝ ነው» ወይም «ቀኝ እጁ በረታ» ተብሎ ይታለፋል። በዚያ ዕድሜ እጅ መምረጥ አይጠበቅም፤ የሴሬብራል ፖልዚ፣ ማለትም በአንጎል ጉዳት የተነሣ እንቅስቃሴን የሚያውክ ችግር፣ ምልክት ሊሆን ይችላል። ያለ ጊዜው የተወለደን ልጅ ደግሞ እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩለት። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ የ9 ወር ሕፃን ጨዋታው የ7 ወር ሕፃን ጨዋታ ቢሆን አትደንግጡ።

የማለዳ ጤዛ

ስለ ቃሉ የጻፉትን አንብቤ እጄ ተንቀጠቀጠ። ቃሉ «በቃ» ነበር። ሳጥበው ይለኝ ነበር። ነገ ጠዋት ቀጠሮ እይዛለሁ።

አያት ነኝ

የሐኪሙን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ልጄ፣ መጀመሪያ ከጻፍሁልሽ ላይ የማርመው አለኝ።

ሦስተኛዋን ልጄን ግትር እንላት ነበር። ስትጠራ አትመጣም። ከልጆች ጋር ስትጫወት መሐል ላይ ትቆምና ሌሎቹ የሚያደርጉትን አይታ ከኋላ ትከተላለች እንጂ ቀድማ አትጀምርም። እኔም ተቆጥቻታለሁ፤ መትቻታለሁም። ሰባት ዓመቷ ላይ አስተማሪዋ አስመርምሯት ብላ ብታስወስደን አንደኛው ጆሮዋ ጨርሶ አይሰማም፤ ሁለተኛውም ደካማ ነው። ከሌሎቹ ኋላ ትሆን የነበረው የጨዋታውን ሕግ በጆሮዋ ሳይሆን በዓይኗ ስለምትማር ነበር። አምስት አሳድጌያለሁ ብዬ ስጽፍልሽ እርሷን ዘልዬአት ነበር። አስመርምሪው።

አንጋፋ መምህርት

እናቴ፣ ይህን ስለ ጻፉልን እግዜር ይስጥልን።

ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው የማስተምረው። ሚልድረድ ፓርተን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ልጆች ለብቻ ከመጫወት፣ ሌሎችን ከመመልከትና ጎን ለጎን ከመጫወት ተነሥተው አብሮ ወደ መጫወት እንዴት እንደሚሄዱ ገልጻለች። ወላጆች ይህን ሲሰሙ እንደ መሰላል ያዩታል፤ ለብቻው የሚጫወት ልጅ ወደ ታች የወረደ ይመስላቸዋል። እንዲያ አይደለም። የአምስት ዓመት ልጅም ለብቻው ግንብ ሲገነባ ሊያረፍድ ይችላል፤ ደስ ብሎት ከሆነ ተዉት። አዲስ ልጅ ክፍል ሲገባ ለሳምንታት ዳር ቆሞ ማየቱም የተለመደ ነው፤ ቤቱ ሄዶ ያየውን ሁሉ ይጫወተዋል። የሚያሳስበኝ መግባት ፈልጎ መግቢያው የጠፋበት ልጅ ነው። ሌሎቹ የሠሩትን አፍርሶ ይሮጣል፤ እኛ «ተንኮለኛ» እንለዋለን። እርሱ ግን ከዚያ ሌላ የሚያውቀው በር የለም።

ሴት ልጆች ላይ ደግሞ ልብ በሉ። አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ አስተማሪ ሆና ትጫወታለች፤ አሻንጉሊቶቿን አስቀምጣ ታስተምራለች፤ ድምፅዋ፣ አነጋገሯ ልክ እንደ እኔ። ሁላችንም ምናቧን እናደንቅ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ነው የተገለጠልኝ፦ በየቀኑ ቃል በቃል ያው ነበር። ሌላ ልጅ መጥታ «እኔም ተማሪ ነኝ፣ እጄን አወጣሁ» ስትላት ደንግጣ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ትጀምራለች። የማስመሰል ጨዋታ አለ ብለን ዘግተነው ነበር፤ የነበረው ግን የተሸመደደ ነገር ነው። አንድ ቀን ብቻ አይቶ ይህን ማወቅ አይቻልም።

ዝምታ

ይቅርታ፣ ከክሩ ርእስ የወጣ ይሆናል። ወንድ ልጄ 4 ዓመቱ ነው፤ ጨዋታው፣ ወሬው ሁሉ ደህና ነው። ወለል ላይ ተጫውቶ ሲነሣ ግን መጀመሪያ በአራት እግሩ ይሆንና እጆቹን ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያ ጭኑ ላይ እያስደገፈ በራሱ ሰውነት ላይ የሚወጣ ይመስል ቀስ ብሎ ይቆማል። ደረጃ ላይም ይደክመዋል። «ሰነፍ ነው» ብለን ነበር።

ነጭ ጋውን

ከርእሱ አልወጡም፤ እንኳን ጻፉት። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ የጻፉትንም በዚሁ ቃል ይንገሩ። የገለጹት አነሣሥ የጎወርስ ምልክት ይባላል፤ የዳሌና የጭን ጡንቻ መድከምን ያሳያል። ምክንያቱ የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ በወንድ ልጅ ግን ዱሼን የሚባለው የጡንቻ ሕመም እንዳይሆን መጣራት አለበት። ክሬአቲን ካይኔዝ የሚባል፣ የጡንቻ ጉዳት መኖሩን የሚጠቁም የደም ምርመራ እንዲያዝለት ይጠይቁ፤ ለመጀመር በቂ ነው።

የማለዳ ጤዛ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ቃል የገባሁትን ልጻፍ። ጆሮው ተመረመረ፤ ይሰማል። እውነቱን ልናገር፣ አይሰማም እንዲሉኝ እየጸለይሁ ነበር የገባሁት፤ ለዚያ መፍትሔ አለው ብዬ። መጠይቁ ላይ ያገኘው ውጤት ከፍተኛ ስጋት ከሚባለው ክልል ውስጥ ነው። ሙሉ ምርመራው የሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ኦቲዝም ሊሆን እንደሚችል ነግረውኛል። የንግግር ሕክምናውን ግን ውጤቱን ሳንጠብቅ ጀምረናል።

የቃል ድልድይ፣ ያልሽውን በየቀኑ አደረግሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዳልነበርሁ ነው የቆጠረኝ። ጉንጬን ወለሉ ላይ አድርጌ የራሴን ጎማ ሳሽከረክር፣ እርሱ የሚያየውን አየሁ፦ ከጎማው መሐል ወደ ዳር የሚዘረጉት ጨረሮች ይጠፉና አንድ ብርማ ክብ ይሆናሉ፤ ሊቆም ሲል ጨረሮቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። ያምራል። ለአንድ ዓመት ሙሉ ምን እንደሚያይ አንድም ቀን አልጠየቅሁም ነበር። በዘጠነኛው ቀን የእኔ ጎማ ቆመ፤ እኔም ጠበቅሁ። እጁን ዘርግቶ የእኔን ጎማ አሽከረከረው። ፊቴን አላየም። ግን የእኔን ጎማ ነው ያሽከረከረው።

ፊኛው ላይ ገና ነን፤ እጄን ነው የሚያየው። «በቃ» አልተመለሰም።

ለሚቀጥለው ሳምንት ምርመራ ምን ይዤ ልሂድ?

የሁለት ልጆች አባት

ቪዲዮዎቹን፣ ቀን ጽፈሽባቸው። ሦስቱን ቃላት መቼ እንደጀመረና «በቃ»ን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሰማሽ በወረቀት ጻፊ፤ እዚያ ስትደርሺ ይጠፋብሻል። ከእንቅልፉ ሰዓት ጋር የማይጋጭ ቀጠሮ ጠይቂ።

ቀይዋንም መኪና ያዢ። የእኛ ልጅ እዚያ ያሉትን አዳዲስ አሻንጉሊቶች አንዱንም አልነካም ነበር፤ የራሱን ስናወጣለት ነው መጫወት የጀመረው።